ስቱዋርት ሸፌይን የሚዘክር ምሽት እንዴት ይዘጋጃል

«ኮምፒውተር ክሮኒክልስ» የተሰኘውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ዝግጅት ለሃያ ዓመታት ገደማ የመሩት ስቱዋርት ሸፌይ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025፣ በ87 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ዝግጅቱ በካሊፎርኒያ፣ በሳን ማቴዮ ኮሌጅ ሥር በነበረው ኬሲኤስኤም በተባለ ጣቢያ ተጀምሮ፣ ከ1983 አንሥቶ ፒቢኤስ በተባለው የአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን መረብ ጣቢያዎች አማካይነት ለመላው አገር የተላለፈና እስከ 2002 የዘለቀ ሲሆን፣ የግል ኮምፒውተር የጥቂት አዋቂዎች መሣሪያ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የየቤቱ ዕቃ እስከሆነበት ድረስ ያለውን ጉዞ በግማሽ ሰዓት ዝግጅቶች መዝግቧል። የቆዩ ኮምፒውተሮች ወዳጆች እኚህን ሰው ለመዘከር ሲሰባሰቡ ፎቶግራፍ ሰቅሎ የሕይወት ታሪክ ማንበቡ ክፋት የለውም፤ እኔ ግን የሚበልጠው እርሳቸው ይሠሩበት የነበረውን ሥርዓት ለአንድ ምሽት መልሶ ማቆም ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይኸውም መሣሪያውን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ፣ የሚያውቀውን ሰው አጠገቡ ማስቀመጥ፣ ከዚያም «እስቲ አሳየን» ማለት ነው።

ለዚህ አርአያው ራሳቸው ሸፌይ ናቸው። የዝግጅቱ ተባባሪ አቅራቢ የነበሩት ጌሪ ኪልዶል በጁላይ 1994፣ በ52 ዓመታቸው ሲሞቱ፣ ሸፌይ በ1995 አንድ ሙሉ ዝግጅት ለእርሳቸው መታሰቢያ አድርገው ባልደረቦቻቸው ስለ ሥራቸው እንዲናገሩ አደረጉ። ምሽቱን ለማዘጋጀት የተነሣ ሰው አስቀድሞ ያንን ዝግጅት ቢመለከት፣ የሞተን ሰው በሠራው ሥራ በኩል ማስታወስ እንዴት እንደሚቻል ከማንኛውም መመሪያ በተሻለ ይረዳዋል።

የመጀመሪያው ሥራ አቅራቢዎችን መምረጥ ነው፤ ቁጥራቸውም ሁለት ይሁን። ሸፌይ በሃርቫርድ ሕግ የተማሩ፣ በቴሌቪዥን ሙያ የኖሩ ሰው እንጂ የኮምፒውተር መሐንዲስ አልነበሩም። ኪልዶል ግን በ1972 ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙ፣ በሞንተሬይ በሚገኘው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ያስተማሩ፣ በ1974 ደግሞ ሲፒ/ኤም የተባለውን ሥርዓተ ክወና (ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን መሠረታዊ ፕሮግራም) የጻፉ ባለሙያ ነበሩ። የዝግጅቱ ጥንካሬ በእኔ ግምት ከዚህ ጥምረት የመጣ ነው፤ አንደኛው ተመልካቹ ሊጠይቅ የሚፈልገውን ነገር ሳያፍር ይጠይቃል፣ ሌላኛው ደግሞ መልሱ ልክ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ከመካከላችሁ መሣሪያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው እና ፈጽሞ የማያውቀው፣ ነገር ግን ለማወቅ የሚጓጓ አንድ ሰው ምረጡ፤ ጥያቄውንም የማያውቀው ይምራው። ሁለት ዐዋቂዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ እርስ በርሳቸው መነጋገር ይጀምራሉ፣ ተሰብሳቢውም ይረሳል።

ቀጥሎ የሚታየውን ክፍል መምረጥ ነው። ዝግጅቱ በዕድሜው ከ400 በላይ ክፍሎች የተሠሩለት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው፣ የቆዩ ቪዲዮዎችና ፕሮግራሞች በሚቀመጡበት የድረ ገጽ ቤተ መዛግብት ላይ በነፃ ይገኛሉ። ለምሽቱ አንድ ብቻ ይበቃል፤ የሚመረጠውም ዛሬም ልንሠራበት የምንችለውን ፕሮግራም የሚያሳይ ይሁን። የእኔ ምርጫ ሠሪዎቹ ቢል አትኪንሰንና ዳን ዊንክለር ሃይፐርካርድን ያቀረቡበት የ1987ቱ ክፍል ነው። ሃይፐርካርድ መረጃን በካርዶች ላይ እያስቀመጠ፣ በካርዶቹ ላይ የተሳሉ ቁልፎች ሲጫኑ ወደ ሌላ ካርድ የሚያሻግር፣ ማኪንቶሽ ለተባለው የአፕል ኮምፒውተር የተሠራ ፕሮግራም ነበር፤ ይህ የሆነው ድረ ገጽ የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊት መሆኑን ተሰብሳቢው ሲገነዘብ ውይይቱ ራሱ በራሱ ይነሣል። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ታዳሚው በቋንቋው የማይመቸው ከሆነ አንድ ሰው ክፍሉን አስቀድሞ ተመልክቶ ዋና ዋናውን ነጥብ በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፎ ያባዛ። ቪዲዮውን በየደቂቃው እያቆሙ መተርጎም ግን የዝግጅቱን ፍጥነት ስለሚገድል አይመከርም።

ክፍሉ እንዳለቀ ወደ ተግባር ይገባል። የድሮ ማኪንቶሽን አስመስሎ የሚያሠራ ኢሙሌተር በዚያው በኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በብራውዘር ውስጥ ስለሚከፈት፣ የሃይፐርካርድ ሥራዎችን ምንም ሳይጭኑ ማየት ይቻላል። ለኪልዶል መታሰቢያ የሚሆን ጊዜ ካለም ሲፒ/ኤምን በኢሙሌተር ከፍቶ «ዲር» በሚለው ትእዛዝ የፋይሎችን ዝርዝር ማሳየት፣ «ፒፕ» በሚለው ደግሞ ፋይል መቅዳት ነው፤ በፒፕ መድረሻው ከመነሻው ቀድሞ እንደሚጻፍ አስቀድማችሁ ተለማመዱት፣ አለዚያ በሰው ፊት ያደናግራል። የፋይል ስም እስከ 8 ፊደል፣ ከነጥቡ በኋላ ደግሞ እስከ 3 ፊደል መሆኑን፣ ድራይቮችም በፊደል መሰየማቸውን ስታሳዩ፣ ይህ ልማድ ዶስ ወደተባለው የማይክሮሶፍት ሥርዓተ ክወና ተሻግሮ፣ የድራይቩ ፊደል በዛሬው ዊንዶውስ ላይ እንኳ እንደቀረ ንገሯቸው። ኪልዶል ከማሽኑ ዓይነት ጋር የሚለዋወጠውን የሥርዓቱን ክፍል ለይተው ባዮስ ብለው በመሰየማቸው፣ የቀረው ክፍል ሳይነካ በልዩ ልዩ አምራቾች ኮምፒውተሮች ላይ ሊሠራ ችሏል። ስለ ኪልዶል ሲወራ፣ የኮምፒውተር አምራቹ አይቢኤም ለግል ኮምፒውተሩ ሥርዓተ ክወና ፍለጋ በመጣ ጊዜ «አውሮፕላን ሲያበሩ የአይቢኤም ውል አመለጣቸው» የሚለው ወሬ መነሣቱ ስለማይቀር፣ ባልደረቦቻቸው እንዲህ አልነበረም ማለታቸውን አቅራቢው ተናግሮ በአጭሩ ይለፈው፤ ሰውየውን በወሬው ሳይሆን በሥራው እናስታውስ።

እውነተኛ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ቢያመጣው ምሽቱ ይደምቃል፤ ጥንቃቄው ግን ብዙ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ፣ እንደ ኢትዮጵያ 220 ቮልት በሚሰጥ መስመር ላይ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ጀርባው ላይ የቮልት መምረጫ መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ፤ ከሌለ ለማሽኑ ዋት የሚመጥን፣ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ለዓመታት ያልተከፈተ ማሽን በእንግዶች ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አይበራም፤ በውስጡ ያለው ባትሪ ፈስሶ ቦርዱን በልቶት ሊሆን ይችላል፣ የኃይል መስጫው ካፓሲተሮችም ጢስ ሊያወጡ ስለሚችሉ ሳምንታት ቀደም ብሎ ባለሙያ ይፈትሸው። የድሮው ዓይነት ስክሪን ከጠፋ በኋላም ከፍተኛ ቮልት ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ሽፋኑን ማንም አይክፈት። ፍሎፒ ዲስኮችን በተመለከተ፣ ሻጋታ የታየበት ዲስክ የማንበቢያውን ራስ ስለሚያበላሽ ወደ ድራይቩ አይግባ፤ ደህናዎቹም ላይ በስሕተት እንዳይጻፍባቸው ባለ 5.25 ኢንቹ ጎኑ ላይ ያለው ቅርጥ በማጣበቂያ ይሸፈን፣ ባለ 3.5 ኢንቹ ደግሞ ማንሸራተቻው ቀዳዳው እስኪታይ ድረስ ይገፋ።

በጥያቄና መልሱ ጊዜ የሸፌይን ጠባይ መጠበቅ ይገባል። እንግዳውን ለማሳፈር ወይም ዕውቀታቸውን ለማሳየት አይጠይቁም ነበር፤ ጥያቄዎቻቸው አጫጭር ነበሩ። እናንተም «ይህ ለማን ይጠቅም ነበር?»፣ «ዋጋው ስንት ነበር?»፣ «ከዚህ በፊት ይህን ሥራ ሰው በምን ይሠራው ነበር?» የሚሉትን በወረቀት ይዛችሁ ግቡ። ሠርቶ ማሳያው ከተበላሸ አትደናገጡ፤ የተበላሸበትን ምክንያት እየፈለጉ መነጋገርም የዝክሩ አካል ነው።

በመጨረሻም ውይይቱን ቅረጹ። ከመቅረጻችሁ በፊት የሁሉንም ፈቃድ ጠይቁ፤ ማይክሮፎኑን ከማሽኑ ማራገቢያ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ የፋይሉ መግለጫ ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የማሽኑን ሞዴልና የታየውን ክፍል ርእስ ጻፉ። ከዚያም ቅጂውን የሸፌይ ዝግጅቶች ወዳሉበት ወደ ኢንተርኔት አርካይቭ ጫኑት፤ ርእሱን በአማርኛ ስትጽፉ የሸፌይንና የዝግጅቱን ስም በመግለጫው ውስጥ በእንግሊዝኛም አስገቡት፣ ፈላጊው በየትኛውም ቋንቋ ቢፈልግ እንዲያገኘው።