አንዱ የኢንተርኔት መስመር ሲቋረጥ ዌብ ሰርቨር እንዳይጠፋ ማድረግ

ከሌላ አቅራቢ ሁለተኛ መስመር ማስገባት ብቻውን አይበቃም። ከሰርቨሩ የሚወጣው ትራፊክ መስመር መቀየር አይከብደውም፤ ከውጭ የሚመጣው ጎብኚ ግን የሚያውቀው አንድ አይፒ አድራሻ ነው፣ እሱም የተቋረጠው አቅራቢ የሰጠው ነው።

ውል ከመፈረምዎ በፊት የሁለቱ አቅራቢዎች ፋይበር በየት በኩል ወደ ሕንፃው እንደሚገባ ይጠይቁ። በአንድ ቦይ የሚያልፉ ከሆነ አንድ ቁፋሮ ሁለቱንም ይበጥሳል። ከእያንዳንዳቸው ቋሚ የሆነ፣ ከውጭ የሚደረስበት አይፒ ይውሰዱ።

ቀጥሎ የመልሱን መንገድ ያስተካክሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። ጥያቄው በሁለተኛው መስመር ገብቶ መልሱ በአንደኛው ሲወጣ፣ አቅራቢው የራሱ ያልሆነ መነሻ አድራሻ ያይና ፓኬቱን (የተላከውን የመረጃ ቁራጭ) ብዙ ጊዜ ይጥለዋል። ሊኑክስ ላይ ሁለት የራውቲንግ ሰንጠረዦች (ፓኬት በየት እንደሚወጣ የሚወስኑ ዝርዝሮች) ይክፈቱ፤ ቁጥራቸው 101 እና 102 ሊሆን ይችላል። በየሰንጠረዡ የየመስመሩን ጌትዌይ (ወደ አቅራቢው የሚያሻግረውን መሣሪያ) እንደ ዋና መውጫ ያስገቡ። ከዚያ መነሻው የአንደኛው መስመር አድራሻ የሆነውን ፓኬት ወደ 101፣ የሁለተኛውን ወደ 102 የሚልክ ደንብ ይጨምሩ። ሰርቨሩ ከናት (ራውተሩ የውስጥ አድራሻን በውጭ አድራሻ ከሚተካበት አሠራር) ጀርባ ከሆነ ይህ ሥራ የራውተሩ ነው፦ እያንዳንዱ ግንኙነት በየት እንደገባ ምልክት ተደርጎበት መልሱ በዚያው ይውጣ። በዚህ አሠራር የሊኑክስ ሪቨርስ ፓዝ ፊልተር (ወደ ፓኬቱ መነሻ የሚመልሰው መንገድ በገባበት መስመር መሆኑን የሚፈትሸው ቅንብር) 1 ላይ ከተተወ ትክክለኛውንም ትራፊክ ሊጥል ስለሚችል 2 ያድርጉት። ሁለቱም መስመሮች እየሠሩ ሳለ በሞባይል ኢንተርኔት ሁለተኛውን አድራሻ በቀጥታ ይሞክሩ።

አሁን ዲኤንኤስ፣ ማለትም የገጹን ስም ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው ሥርዓት። ቲቲኤሉን (መልሱ በጠያቂዎች ዘንድ ተቀምጦ የሚቆይበትን ጊዜ) ወደ 60 ሴኮንድ ያውርዱ፣ ይህም አስቀድሞ ይሁን፤ የቀድሞው 86400 ከነበረ ለውጡ ሁሉ ዘንድ እስኪደርስ አንድ ቀን ይፈጃል። ስም አገልጋዮቹን (የዲኤንኤስ ጥያቄ የሚመልሱትን ሰርቨሮች) በራስዎ መስመር ላይ አያስቀምጡ፤ መስመሩ ሲሞት አብረው ይሞታሉ። ሁለቱንም አድራሻዎች በአንድ ስም ሥር መመዝገብ ይቻላል፣ ብራውዘሮችም አንዱ እምቢ ሲል ሌላውን ይሞክራሉ፤ ግን ጎብኚው ይጠብቃል፣ አንዳንድ ፕሮግራሞችም ጭራሽ አይሞክሩም። የተሻለው፣ ገጹን ከውጭ እየፈተሸ አድራሻውን በራሱ የሚቀይር የዲኤንኤስ አገልግሎት ነው።

ፍተሻው ጌትዌዩን ፒንግ ማድረግ አይሁን። ከጌትዌዩ ወዲያ ያለው ሁሉ ጠፍቶ እሱ ብቻ መመለሱ የተለመደ ነው። በየ30 ሴኮንዱ በኤችቲቲፒኤስ እውነተኛ ገጽ ይጠየቅ፤ በተከታታይ 3 ጊዜ ካልመጣ ይቀየር። ወደ ቀድሞው መስመር መመለሱ ግን ቢያንስ 10 ደቂቃ የጸና ግንኙነት ይጠብቅ፤ አለዚያ አድራሻው ወዲያና ወዲህ ሲዋልል ይውላል።

ዲኤንኤስን ጨርሶ የማይነካው መንገድ ቢጂፒ (ኔትወርኮች አድራሻዎቻቸው በየት እንደሚገኙ እርስ በርስ የሚያሳውቁበት ፕሮቶኮል) ነው፦ የራስዎ ኤኤስ ቁጥር (የኔትወርክ መለያ) እና ቢያንስ 256 የአይፒቪ4 አድራሻዎች ይዘው በሁለቱም አቅራቢዎች በኩል ማሳወቅ። ከዚያ ያነሰውን ብዙ ኔትወርኮች አይቀበሉም። ለአንድ ሰርቨር ግን ወጪውም ድካሙም ይበዛል።

ሲፈትኑ ገመድ መንቀል ቀላሉ ሙከራ ነው። ገመዱ እንደተሰካ ከጌትዌዩ ወዲያ ያለውን ትራፊክ በፋየርዎል ዘግተውም ይሞክሩ። እግረ መንገድዎን ሰርቨሩን በአይፒ ለይተው የሚያስገቡ የውጭ ሲስተሞች ሁለተኛውን አድራሻም መመዝገባቸውን ያረጋግጡ፤ ገጹ እየተከፈተ ክፍያ የማያልፈው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።