ክብር ሌላ፣ ውል ሌላ፦ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር የከተማ ቤት ኪራይ ሲያድስ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የድንጋይ ቤት አስቡ። ጣሊያን የሠራው ነው። ቆርቆሮው ዝጓል፣ አሸንዳው በአንድ ጎን ተንጠልጥሏል። ውስጥ ግድግዳው ላይ የአባላት ፎቶ ከነኒሻናቸው ተደርድሯል። ባለቤቱ ከተማ አስተዳደሩ ነው፤ ተከራዩ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር። ኪራዩ ትንሽ ነው፣ አባላቱ አርጅተዋል፣ ውሉ ደግሞ ሰኔ 30 ያበቃል።

እንዲህ ያለ ማኅበር ቢሮ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚገባው ታሪኩን ነው። «እኛ እኮ ለዚች አገር...» ብሎ ይጀምራል። ያሉት እውነት ነው፤ ማንም አይክድም። ባለሙያው ግን ነገ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው ስለ ፋይሉ ነው። ክብራችሁን አይቶ ወንበር ይስብላችኋል፣ «አባቶቼ ተቀመጡ» ይላል። ፊርማውን የሚያኖረው ግን ወረቀቱ ከተሟላ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ካለመለየት ነው።

ውሉን በሰው ስም መተው

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ያኔ ቤቱን ሮጦ ያስፈቀደው ሊቀመንበር ነበር፤ ውሉ ላይም የእሱ ስም ተጻፈ። ሃምሳ አለቃ እገሌ። የማኅበሩ ስም የለም፣ ወይም በቅንፍ ነው ያለው። ማኅተምም የለም። ማንም አልተጨነቀም፤ ሁሉም ይተዋወቃላ።

ከዚያ ሃምሳ አለቃው ያርፋሉ። ውሉን ለማደስ ሲኬድ ፋይሉ የሚያሳየው አንድ የሞተ ግለሰብ ተከራይን ነው። ቢሮው «ወራሾቹ ይምጡ» ቢል አይፈረድበትም። ልጆቹ ደግ ከሆኑ መጥተው የማኅበሩ ነው ብለው ይፈርማሉ። አንዱ «የአባቴ ቤት ነው» ያለ ቀን ግን ነገሩ ቢሮ መሆኑ ቀርቶ ፍርድ ቤት ይሆናል።

ስለዚህ እድሳቱን ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን አስተካክሉ። ተከራዩ ማኅበሩ ነው፤ ሊቀመንበሩ የሚፈርመው ማኅበሩን ወክሎ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የምዝገባ የምስክር ወረቀት፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ ሊቀመንበሩን የመረጠው ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ እና ውል እንዲፈርም ሥልጣን የሰጠው ውሳኔ ነው። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። የሥራ አስፈጻሚው የሥራ ዘመን ካለፈ ደግሞ መጀመሪያ ምርጫ አድርጉ። ዘመኑ ያለፈ ኮሚቴ የፈረመው ማመልከቻ ለመመለስ ሰበብ ይሆናል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የተመዘገቡ ድርጅቶች ዓመታዊ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ያዛል፤ ሪፖርቱ ከተወዘፈ ምዝገባችሁ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

እግረ መንገዳችሁን የመብራትና የውኃ ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነም እዩ። ብዙ ጊዜ እሱም በሟች ስም ነው።

ቤቱ በማን እጅ እንዳለ ሳያጣሩ ደብዳቤ ማስገባት

«የመንግሥት ቤት ነው» ማለት አይበቃም። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ ኪራያቸው ዝቅ ያሉት ለቀበሌ፣ ከፍ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ከዚያ ወዲህ ቀበሌዎች ተዋህደዋል፣ ክፍለ ከተማ መጥቷል፣ መምሪያዎች ስማቸውን ቀይረዋል። ቤቱ እዚያው ቆሞ ፋይሉ ግን ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ኖሯል።

በዚህ መሀል የቤት ቁጥርም ይለወጣል። የድሮው ካርኒ ላይ አንድ ቁጥር፣ በሩ ላይ የተቸነከረው ቆርቆሮ ላይ ሌላ ቁጥር። ሁለቱ አንድ ቤት መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ቀድማችሁ ካላወጣችሁ ለዓመታት የከፈላችሁት ኪራይ የሌላ ቤት ይመስላል። መዝገብ ቤት ሄዳችሁ ፋይሉን አስፈልጉ። እዚያ ያለችው ልጅ ከኃላፊው በላይ ታውቃለች፤ በትሕትና ጠይቋት።

«ኪራይ እየከፈልን ነው፣ ማን ያስወጣናል» ብሎ መቀመጥ

ውሉ ካለፈ ሁለት ሦስት ዓመት ሆኖት ኪራይ እየከፈለ የሚኖር ማኅበር ብርቅ አይደለም። ሕጉም ለእንዲህ ያለ ተከራይ ፊቱን ጨርሶ አያዞርም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውሉ አብቅቶ አከራዩ እያወቀ ሳይቃወም ተከራዩ ከቆየ፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል። ይህን የሰማ አባል ደስ ይለዋል። ግን ላልተወሰነ ጊዜ የሆነ ውል ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ የሚቋረጥ ውል ነው። አዲስ ኃላፊ መጥቶ ቤቱን ለሌላ ሥራ ቢፈልገው የምታሳዩት ቀን የለም።

በዚያ ላይ ያው ሕግ በቁጥር 1724 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። «ኃላፊው ራሱ ቃል ገብቶልናል» የምትለው ነገር እዚህ ጋ ዋጋ የላትም። ኃላፊው በስድስት ወር ወደ ሌላ ወረዳ ሊዛወር ይችላል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለዚህ ነው። ቃል ከተገባላችሁ በማግስቱ «በቀን እንዲህ በተነጋገርነው መሠረት» የምትል አንዲት አንቀጽ ደብዳቤ ጽፋችሁ መዝገብ ቤት አስገቡና የገቢ ቁጥሩን ያዙ።

በሰኔ መጀመር

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። በዚያ ወር ቢሮው ሁሉ በሒሳብ መዝጋትና በሪፖርት ተወጥሯል። ሰኔ 20 ማመልከቻ ይዞ የመጣ «ጋሼ፣ ሐምሌ ላይ ኑ» ይባላል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ግማሹ ሠራተኛ ዓመት ፈቃድ ላይ ነው። ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ጀምሩ። በጥር አጋማሽ ከተማው በጥምቀት ይያዛል፤ እሱንም አስቡበት።

ጣሪያውን በበጋ ማሳየት

አሁን ወደ ቤቱ ራሱ እንምጣ። ያረጀ ቤት ውል ሲታደስ ዋናው ገንዘብ ያለው ኪራዩ ላይ አይደለም፤ ጥገናው ላይ ነው። ኪራዩ በመቶዎች ቢጨምር አባላቱ ያዋጣሉ። ጣሪያው ከወረደ ግን የሚያዋጣ የለም።

ጎንደር ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ነው። መሐንዲሱ ቤቱን ለማየት የሚመጣው ግን ታኅሣሥ ወይም ጥር ነው። ቀና ብሎ ኮርኒሱን ያያል፤ ደረቅ ነው። «ትንሽ ቀለም ይፈልጋል» ብሎ ጽፎ ይሄዳል። ስለዚህ መሐንዲሱ ከመምጣቱ በፊት፣ ገና በክረምቱ ፎቶ ይነሳ። ባልዲው ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ውኃው ሲንጠባጠብ፣ የኮርኒሱ እንጨት በእርጥበት ሲጠቁር፣ ቀኑ ከነሰዓቱ። በስልክ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከሦስት ገጽ አቤቱታ ይበልጣል። ምስጥ የበላውን የጣሪያ እንጨት ደግሞ በምስማር ወጋ አድርጋችሁ አሳዩት፤ ምስማሩ ያለ መዶሻ ሲገባ መሐንዲሱ ራሱ ይደነግጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት ውሉ ውስጥ ያለችው «ተከራይ ቤቱን በመልካም ሁኔታ ተረክቧል» የምትል መስመር ናት። ሳይነበብ ይፈረምባታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ መነሻ ለተከራይ ክፉ አይደለም። ጥቃቅኑ ጥገና የተከራይ ነው፤ በእርጅና ብቻ የመጣ ጉዳት ግን ተከራይ ላይ አይጫንም፣ ቤቱን ለአገልግሎት ብቁ አድርጎ ማቆየትም የአከራይ ግዴታ ነው። ነገር ግን ውሉ ሌላ ካለ ውሉ ይቀድማል። ስለዚህ ከውሉ ጋር የሚያያዝ የርክክብ ዝርዝር ይኑር። ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ ኮርኒስ፣ ወለል፣ በርና መስኮት፣ የመብራት ገመድ፣ ሽንት ቤት። እያንዳንዱ ፊት ለፊቱ ያለበት ሁኔታና ማን እንደሚያድሰው ይጻፍ። ማኅበሩ ጣሪያውን በራሱ ወጪ ለመሥራት ከፈለገ ደግሞ ወጪው ከኪራይ እንደሚቀነስ፣ ወይም ውሉ በዓመታት እንደሚረዝም አስቀድሞ በጽሑፍ ይያዝ። ከሠሩ በኋላ መጠየቅ ልመና ነው።

ስለ ጥገና ካነሳን አይቀር፣ ያረጀ የድንጋይ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰን በጎ አድራጊ የተገኘ ቀን የሚሠራ ጥፋት ነው። ድንጋዩ በኖራ ወይም በጭቃ የተያያዘ ከሆነ ግድግዳው እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። ሲሚንቶው ያንን እርጥበት አፍኖ ያስቀረዋል። ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ልስኑ አብጦ በቁራሽ በቁራሽ ይወርዳል፣ ከሥሩ ያለውንም ይዞ። የፋሲል ግንብ ድንጋይ የተያያዘው በኖራ ነው፤ ኖራን የሚያውቅ ግንበኛ ጎንደር ላይ ካልተገኘ የት ሊገኝ ነው? ፈልጉት።

ቅርስ መሆኑን መርሳት

ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ በዙሪያው የሚደረግ ግንባታ እንደ ሌላው ሰፈር አይታይም። በቅርስነት በተያዘ ቤት ላይ ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ 209/1992 ጥገና ከመደረጉ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል። የእንጨቱን መስኮት አውጥቶ አሉሚኒየም ማስገባት ለማኅበሩ ማሻሻል ነው፤ ለባህልና ቱሪዝም ቢሮው ማፍረስ ነው። የቤታችሁን ደረጃ በጽሑፍ ጠይቁ። ቅርስ ነው ከተባለ አትዘኑ፣ ቤቱን ከመፍረስ የሚያድነው እሱ ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ የኮሪደር ልማትም ጎንደር ገብቷል፤ ቤቱ መንገድ ዳር ከሆነ ፕላኑ ላይ ምን እንደተጻፈበት ሳታዩ ለጥገና ገንዘብ አታዋጡ።

የፊት ክፍሏን በዝምታ ማከራየት

ይሄኛውን ማንም በስብሰባ አያነሳውም። መንገድ ዳር ያለችው ክፍል ለጀበና ቡና ወይም ለፎቶ ኮፒ ቤት ተሰጥታለች። ከእሷ የሚገኘው ብር የማኅበሩን ጠቅላላ ኪራይ ይሸፍናል፤ ለታመመ አባልም ይተርፋል። በሥነ ምግባር ማን ይወቅሳል? ግን የመንግሥት ቤት ውሎች በአብዛኛው ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍን ይከለክላሉ። ቅር የተሰኘ አንድ ጎረቤት ጥቆማ ቢያደርግ ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ነው።

መደበቅ ያባብሰዋል። እድሳቱ ላይ ራሳችሁ አንሱት። ክፍሏን ለማኅበሩ ገቢ ማስገኛ እንድንጠቀምባት ይፈቀድልን በሉ፣ ገቢው የት እንደሚውልም በሒሳብ መዝገብ አሳዩ። ከተከለከላችሁ አባላቱ ወይም ልጆቻቸው በማኅበሩ ስም ይሥሩባት። ያኔ የምትተላለፍለት ሦስተኛ ወገን አይኖርም።

በአንድ ደብዳቤ ሁሉንም መጠየቅ

«ውሉ ይታደስልን፣ ኪራዩ ይቀነስልን፣ ካርታ ይሰጠን፣ ለአዳራሽ የሚሆን ቦታም ይመደብልን፣ የአባላት የሕክምና ወጪም ይታሰብልን።» ይህ ደብዳቤ አምስት ቢሮ ይዞርና አንዱም አይመልሰውም። ቦታ መጠየቅ በሊዝ አዋጅ 721/2004 የሚሄድ የመሬት ጉዳይ ነው፤ ኪራይ ማደስ የቤቶች ጉዳይ ነው። አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ጥያቄ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ።

አንዳንዱ ደግሞ አዲሱን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ይጠቅሳል፣ «ኪራይ መጨመር አትችሉም» ለማለት። ያ አዋጅ የወጣው ለመኖሪያ ቤት ነው። እናንተ የያዛችሁት ጽሕፈት ቤትና መሰብሰቢያ ነው። የማይመለከታችሁን ሕግ ጠቅሳችሁ ከጀመራችሁ ባለሙያው ቀሪውንም በጥርጣሬ ያነበዋል።

የአገልግሎት ታሪካችሁስ? እሱን ጻፉት፣ ግን ጥቅም አስይዛችሁ። ኅዳር 1934 ጎንደር ከጣሊያን የተለቀቀችበት፣ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን የሚከበርበት ከተማ ነው። በዚያ ቀን ቤቱ ለተማሪዎች ክፍት ይሆናል፣ ፎቶዎቹና ኒሻኖቹ ይጎበኛሉ ብላችሁ ከጻፋችሁ አስተዳደሩ ቤቱን ለእናንተ የሚሰጥበትን ምክንያት በእጁ ሰጣችሁት ማለት ነው።

ቅጂ ሳይይዙ መውጣት

የተፈረመው ውል አንድ ብቻ ሆኖ በሊቀመንበሩ ቦርሳ እቤት ይገባል፤ ከዚያ ከጋዜጣ ጋር ይታሰራል። ቢያንስ በሦስት ቅጂ አስፈርሙ። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ፊርማና ማኅተም ይኑር፣ የርክክብ ዝርዝሩም አብሮ ይሰፋ። አንዱ ማኅበሩ ቢሮ፣ አንዱ ጸሐፊው ጋ ይቀመጥ። ሦስተኛው የአባል ልጅ ከሆነ ወጣት ስልክ ውስጥ በፎቶ ከገባ በኋላ ገንዘብ ያዡ ይያዘው፤ የየወሩን ደረሰኝ እዚያው ላይ እየሰካ ይሄዳል።