ፍሪዘሩ «ጠቅ» ብሎ ሲቆም ሞተሩን ከመቀየራችሁ በፊት

ጅማ ሄርማታ አካባቢ አንዲት የጁስ ቤት ባለቤት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ሞተሩ ተቃጥሏል አሉኝ» አሉ። ቆሜ አዳመጥኩ። ፍሪዘሩ ለጥቂት ሰከንድ ያጓራል፣ ጠቅ ይልና ይቆማል። ከደቂቃዎች በኋላ ያንኑ ይደግማል። ያቺ ጠቅታ የኦቨርሎድ ድምፅ ናት። ሞተሩ መነሳት ሲያቅተው እንዳይቃጠል መብራቱን የምትቆርጥለት እሷ ናት።

ጅማ ላይ በተለይ ክረምት መብራት ሄድ መጣ ሲል ይሄ ብልሽት ይበዛል። እንዲህ ፈትሹ።

መጀመሪያ ቮልቱን በመልቲሜትር ለኩ። የእኛ መብራት 220 ነው። ሞተሩ ሊነሳ ሲሞክር ከ190 በታች ከወረደ መስመሩን ጠርጥሩ። ቀጭን ማራዘሚያ ገመድም ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል፤ እሱን አውጡና ፍሪዘሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ቅዝቃዜውን የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ለጊዜው ተዉት። እሱ ቢበላሽና መብራቱን ቢቆርጥ ኖሮ ሞተሩ ጭራሽ አይሞክርም ነበር።

ቀጥሎ ሶኬቱን ንቀሉና ኮንደንሰሩን፣ ማለትም ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ቱቦ፣ እዩ። አቧራ ከደፈነው ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ የጋዙ ግፊት ያድጋል፣ ሞተሩ ይግላል። በብሩሽ ጥረጉት። ፋኑ በጣት ሲነካ በቀላሉ መዞር አለበት። ትልልቆቹ ፍሪጆች ላይ ግፊት ሲበዛ የሚያጠፋ ስዊች አለ። አንዳንዱ በራሱ አይመለስም፣ ቁልፉን በእጅ መጫን ይፈልጋል። ሳታጸዱ ግን አትጫኑት።

አሁን ሞተሩ ጎን ያለችውን የፕላስቲክ ክዳን ክፈቱ። ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ካለው ሶኬቱ ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፤ እዚያ ላይ ባለሙያ ጥሩ። ከሌለው ክብ ጥቁሯን ኦቨርሎድ አውጡ። በደንብ ከቀዘቀዘች በኋላ ስትለካ ወደ ዜሮ ኦም የተጠጋ ካላሳየች ሞታለች። ከዚያ ሞተሩን የሚያስነሳውን ፒቲሲ ሪሌ ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁ። ከተንኳኳ ውስጡ ያለው ሴራሚክ ተሰብሯል። የጁስ ቤቱ ችግር ይሄው ነበር፤ ሪሌው ሲቀየር ሞተሩ ተነሳ። ባለ ኮይሉ (ሽቦ የተጠቀለለበት) ሪሌ ግን ጤነኛም ሆኖ ይንኳኳል፤ በዚህ አትፍረዱበት።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ገመድ የሚሰካባቸውን የሞተሩን 3 እግሮች ከብረት አካሉ ጋር ለኩ። አንዱ እንኳ ከብረቱ ጋር ከተገናኘ፣ እውነትም ሞተሩ ሄዷል።

አደራ፣ ኦቨርሎዱን ዘላችሁ ገመዱን በቀጥታ አታገናኙ። ፍሪዘሩ ዛሬ ይነሳላችሁ ይሆናል። ነገ ሞተሩ ሲግል ግን የሚያጠፋው የለም። ጋዙ አር 600ኤ ወይም አር 290 ከሆነ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው፤ ካፈሰሰ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል።

የተቀየረው ዕቃ እንዲቆይ መብራት ሲመለስ ሰዓት ቆጥሮ ፍሪጁን የሚያዘገይ ፍሪጅ ጋርድ ግጠሙ። ሞተሩ ድንገት ሲቆም በአንድ ወገን ያለው የጋዝ ግፊት ከፍ እንዳለ ይቀራል። እስኪመጣጠን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። መብራት መጥቶ ፍሪጁ ዝም ቢል አትደንግጡ፣ ጋርዱ እየቆጠረ ነው።