ዲቪ ደርሷችሁ ከደብረ ብርሃን ለምትወጡ
ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ተለጠፈ ማለት አለቀ ማለት አይደለም፣ የሚያልቀው አሜሪካ ኤርፖርት ስትገቡ ነው። ቪዛው ላይ ያለውን የመጨረሻ ቀን እዩ፣ ብዙ ጊዜ ከ6 ወር አይበልጥም፣ ከዛ በፊት መግባት ግዴታ ነው። የግሪን ካርዱን ክፍያ ሳትበሩ ኦንላይን ክፈሉ። ኤምባሲው የታሸገ ፖስታ ከሰጣችሁ በፍጹም እንዳትከፍቱት፣ ሻንጣ ውስጥም እንዳትከቱት በእጃችሁ ያዙት፣ የኔ እናት እኮ እስክወጣ ድረስ በነጠላዋ ጠቅልላ ነው ያስቀመጠችልኝ። ቋንጣ ይቅርባችሁ ስጋ አያስገቡም፣ በርበሬና ሽሮ የያዘ ሲጠየቅ አለኝ ይበል። አሜሪካ ኤርፖርት ላይ ኦፊሰሩ አሻራ ወስዶ ማህተም ሲመታላችሁ እዛው ቆማችሁ ቀኑን እዩ፣ ማህተም ያለበት ቪዛ ለ1 ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። ዋናው ካርድ በፖስታ ስለሚመጣ አድራሻው የምታምኑት ዘመድ ቤት ይሁን።