ቡችላን ቀኑን ሙሉ ትቶ ለመውጣት

ጠዋት 2 ሰዓት ወጥቶ ከቀኑ 11 ሰዓት የሚመለስ ሰው ቡችላ ማሳደግ ይችላል፤ ቡችላው ግን 9 ሰዓት ባንዴ አይችልም። ሽንቱን የሚቋጥረው እንደ ዕድሜው ነው። የ2 ወር ቡችላ 2 ቢበዛ 3 ሰዓት ይቆያል፣ የ4 ወሩ ደግሞ 4 ቢበዛ 5። ከዚያ ሲያልፍ በተኛበት ይሸናል፣ መኝታውን ማቆሸሽ ከለመደ ደግሞ በኋላ ማስተዉ ከባድ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚዘጋጀው ቤቱ ሳይሆን በመሀል የሚመጣው ሰው ነው። ለ2 እና ለ3 ወር ቡችላ 5 ሰዓት ላይ አንዴ፣ 8 ሰዓት ላይ አንዴ ሰው ይድረስለት። 4 ወር ካለፈው 6 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ጊዜ ይበቃል። ግቢ ውስጥ ያለ ተከራይ ወይም ከፈረቃ ትምህርት የሚመለስ፣ በር ዘግቶ መውጣት የማይረሳ የጎረቤት ልጅ ለዚህ ጥሩ ነው። ለሚመጣው ሰው ቅደም ተከተሉን በደንብ ያስረዱት፦ በሩ እንደተከፈተ ወደ መሽኛው ቦታ ይውሰደው፣ ሲሸና ያመስግነው፣ ከዚያ ያብላው፣ ከበላ በኋላ እንደገና ያውጣውና ይጠብቀው። ቡችላ በበላ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚጸዳዳው። አብልቶ ወዲያው የሚሄድ ሰው ክፍሉን አቆሽሾ እንደሄደ ይቁጠሩት። የሚመጣ ሰው ከሌለ፣ ቡችላ ለማምጣት ጊዜው ገና ነው፤ ዕድገቱን የጨረሰ ውሻ ቢፈልጉ ይሻላል።

እኛ ዘንድ፣ ጎንደር፣ የተለመደው ማሰር ነው። ቡችላን አስሮ መውጣት ግን አደገኛ ነው። ገመዱ በእንጨት ወይም በብሎኬት ይጠመጠምና ያንቀዋል፣ አጥር ላይ ሲዘል ይንጠለጠላል፣ ፀሐይ ሲመጣበት ጥላ መፈለግ አይችልም፣ የሰፈር ውሻ ቢገባ ማምለጫ የለውም። በዚህ ላይ ቀኑን ሙሉ ታስሮ ያደገ ውሻ ሰው በቀረበው ቁጥር መናከስ ይቀናዋል። በሰንሰለት ፋንታ የተዘጋ ቦታ ይስጡት፦ ሰርቪስ ክፍል፣ ባዶ ዕቃ ቤት፣ ወይም በረንዳ ላይ በእንጨትና በሽቦ የታጠረ 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ጥግ። የአጥሩ ቁመት ከ1 ሜትር አይነስ። የበሩን ሥር ሳያዩ አይለፉት፤ የቡችላ ጭንቅላት ባለፈበት ቀዳዳ ቀሪው ሰውነቱ ይከተላል።

በቆርቆሮ ብቻ የተሠራ ጎጆ ለቀን አይሆንም። ጎንደር ደጋማ ናት ተብሎ ይታለፋል እንጂ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ቀትር ላይ ቆርቆሮ ሥር ያለው ሙቀት ለትልቅ ሰውም ይከብዳል። ቦታውን ከመምረጥዎ በፊት በዕረፍት ቀንዎ 3፣ 6 እና 9 ሰዓት ላይ ጥላው የት እንደሚያርፍ ይመልከቱ፤ ጠዋት ጥላ የነበረው ቦታ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይመታዋል። በክረምት ችግሩ እርጥበት ነው። መኝታውን ከመሬት 10 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ባለ ሳንቃ ላይ ያድርጉና ጭድ ወይም ደረቅ ጆንያ ያንጥፉበት፤ ቁንጫ እንዳይፈላ በየሳምንቱ ይቀይሩት። ይበርደዋል ብሎ ከሰል አቀጣጥሎ ክፍሉን መዝጋት ፈጽሞ አይደረግም። ከከሰሉ የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ይገድለዋል።

አሁን ወለሉ ላይ በርከክ ብለው ክፍሉን በቡችላው ዓይን ይዩት። ከ3 እስከ 6 ወር ጥርስ የሚቀይርበት ጊዜ ስለሆነ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል፦ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ፌስታል፣ የጫማ ማሰሪያ፣ ካልሲ። የአይጥ መርዝ ተደርጎ የሚያውቅ ክፍል ከሆነ ሌላ ይምረጡ፤ መርዝ የበላች አይጥም ብትሆን ለእሱ መርዝ ናት። በረኪናና ናፍታ ከፍ ብለው ይቀመጡ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየቤቱ የሚጠራቀመው ባልዲና በርሜል ክዳን ይኑረው፤ ትንሽ ቡችላ ባልዲ ውስጥ ተዘቅዝቆ ከገባ መውጣት አይችልም። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ደግሞ ቡሃቃ ነው። የተቦካ ሊጥ ሆዱ ውስጥ መኩፋቱን ይቀጥላል፣ አልኮልም ይፈጥራል። የጠላ አተላም እንዲሁ ይመርዘዋል።

ውሃውን በማይገለበጥ ከባድ ወጪት ይስጡት፤ ላስቲክ ሳህን ከሆነ ነክሶ ይጎትተውና ቀኑን ሙሉ ሲጠማው ይውላል። ምግብ እስከ 4 ወር ድረስ በቀን 4 ጊዜ፣ ከዚያ እስከ 6 ወር 3 ጊዜ ነው። የጠዋቱን ከመውጣትዎ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ይስጡት፣ እንዲጸዳዳ ጊዜ ያገኛል። እንጀራ ከተቀቀለ ሥጋ ጋር ይሆናል፣ የወጥ ፍርፋሪ ግን አይሆንም፦ ሽንኩርት ቢበስልም የውሻን ደም ይጎዳል። የበሰለ የዶሮ አጥንት እንደ መርፌ ይሰነጠቅና አንጀት ይበሳል። ብቻውን ሲሆን የሚያጫውተው ከአፉ የሚበልጥ ጠንካራ የጎማ ኳስ ይተዉለት፤ ድልህም በርበሬም ያልነካው ድርቆሽ ቆራርሰው በየጥጉ ቢበትኑለት ደግሞ እያሸተተ ሲፈልግ ብዙ ይቆያል።

ብቻውን መሆንን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ዘግተውት ይውጡ፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት ውስጥ ወደ 2 ሰዓት ያድርሱት። ሲወጡ መሰነባበት አያብዙ። ሲያላዝን አይመለሱ፣ ማላዘን በር ያስከፍታል ብሎ ይማራል፤ ዝም ባለበት ቅጽበት ይግቡ። ጎረቤቶችን ቀድመው ያነጋግሩ። ውሻ ሲያላዝን ክፉ ነገር ይጠራል ብሎ የሚያምን አይጠፋም፣ ድንጋይ የሚወረውርም አይጠፋም፤ ልምምድ ላይ ነው ካሏቸው ይታገሳሉ።

ክትባት ሳይጨርስ በአጥር ቀዳዳ ከሰፈር ውሾች ጋር እንዲነካካ አይፍቀዱ። ፓርቮና ዲስተምፐር የተባሉት ቡችላ የሚገድሉ ተላላፊ በሽታዎች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጀመራል፣ እስከ 16 ሳምንት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወር ይሰጣል። ቡችላውን የሚጠብቀው ልጅ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ፣ ቁስሉ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቡችላ ነው ተብሎ አይናቅ።

የጥምቀት ሰሞን ለብቻው ይታሰብበት። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ሰፈሩ ባዶ ይሆናል፣ በሌላው ቀን የሚመጣልዎት ሰውም አብሮ ይሄዳል። አራስ ወይም አዛውንት ያለበትን ቤት ቀድመው ይጠይቁ። እንግዳ ሲበዛ የግቢው በር ተከፍቶ ይውላል፣ ስለዚህ ቡችላው በውስጠኛው ክፍል ይሁን፤ አጥንት እንዳይወረውሩለትም ይንገሯቸው።

ሲመለሱ ሸንቶ ቢያገኙት አይቆጡት፤ ከሰዓታት በፊት ያደረገውን ከቁጣዎ ጋር አያገናኘውም። ሽንቱን መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ያጥቡ፣ በረኪና ከትኩስ ሽንት ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ያወጣልና። እያለከለከ፣ ምራቁ እየተዝረበረበና እየተንገዳገደ ካገኙት ሙቀት መቶት ሊሆን ይችላል፦ ጥላ ውስጥ አስገብተው ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውሃ ያርጥቡ፣ በረዶ ግን አይጠቀሙ፣ እያራገቡም ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ትውከት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ምግብ እምቢ ማለት ከታየም እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ቡችላ ፈሳሽ ሲያጣ በአንድ ሌሊት ሊሞት ይችላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክ አለው፤ የሐኪም ስልክ አስቀድመው ይዘው ለሚመጣው ሰውም ይስጡት።