የሚስማር ሽጉጥ ስትገዙ ከሚስማሩ ጀምሩ

ኮዬ ፈጬ አካባቢ ቤት የተረከበ ሰው ሐሳቡ አንድ ነው። በር ይቀይራል፣ ወለል ያስነጥፋል፣ ካቢኔት ያሠራል፣ በመጨረሻም ዞኮሎ፣ ማለትም የግድግዳውን ግርጌ የሚከብበውን የእንጨት ጠርዝ፣ ያስመታል። የእኔም እንጀራ ከዚሁ ነው። ሥራ የጀመሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ "በአየር የሚሠራውን የሚስማር ሽጉጥ ልገዛ ነው፣ የቱን ልግዛ?"

ሽጉጡን ከማየታችሁ በፊት ሚስማሩን እዩ እላቸዋለሁ። ጥይቱ የማይገኝ ጠመንጃ ምን ይሠራል? ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. ሥራችሁን ለዩ

ለማጠናቀቂያ ሥራ የሚሆነው ብራድ የሚባለው ቀጭን ሚስማር ነው። መለኪያው 18 ጌጅ ሲሆን ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የጌጅ ቁጥር በጨመረ መጠን ሚስማሩ እየቀጠነ ይሄዳል። 16 ጌጅ 1.6 ሚሊ ገደማ ነው፤ ለበር መቃን የሚሻለው እሱ ነው። 23 ጌጅ ደግሞ እንደ መርፌ ነው፣ ራስ የለውም፣ ለጥቃቅን ጌጥ ይሆናል።

ብራድ ዞኮሎ፣ የካቢኔት ጀርባ፣ የመሳቢያ ጎን፣ የጠርዝ ጌጥ ላይ ይመታል። ቀጭን እንጨት አይሰነጥቅም፣ የሚተወው ቀዳዳም በስቱኮ ይጠፋል። አንድ እጃችሁ እንጨቱን ይይዛል፣ ሌላው ይመታል። በመዶሻ ስትሠሩ ሦስተኛ እጅ የሚያስፈልጋችሁ እዚህ ላይ ነው።

ግን አደራ፣ ክብደት አታሸክሙት። ብራድ ሥራው ኮላው እስኪደርቅ እንጨቱን አጥብቆ መያዝ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካቢኔት ብሎን ይፈልጋል። ከላይ ዕቃ ተሞልቶበት ሥሩ ልጅ የሚጫወትበት ነገር በብራድ አይሰቀልም።

ሌላም አለ። በውጭ አገር ቪዲዮ ሰውየው ዞኮሎውን ግድግዳው ላይ ይደግፍና ጧ ጧ አድርጎ ይጨርሳል። የእሱ ግድግዳ ከውስጡ እንጨት ነው። የእኛ ብሎኬትና ልስን ነው። ብራድ ብሎኬት ላይ ይታጠፋል ወይም ልስኑን ያረግፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ግድግዳውን ብሱ፣ ፊሸር (ብሎን የሚይዘውን የፕላስቲክ መሰኪያ) አስገቡ፣ ቀጭን ሞራሌ (የተሰነጠቀ ረጅም እንጨት) በብሎን እሰሩ። ዞኮሎውን ሞራሌው ላይ ኮላ ቀብታችሁ በብራድ ምቱ። ለኮንክሪት የተሠራ የሚስማር ሽጉጥ አለ፣ ግን እሱ ሌላ መሣሪያ ነው፣ ሚስማሩም ሌላ ነው። ባለሱቅ "ይሄም ይበሳዋል" ቢላችሁ እሺ አትበሉ።

2. የሚስማሩን ርዝመት ወስኑ

ገበያችን ላይ 18 ጌጅ ሚስማር በብዛት የሚመጣው "ኤፍ" በሚል ምልክት ነው። ኤፍ15፣ ኤፍ20፣ ኤፍ30 እያለ እስከ ኤፍ50 ይሄዳል። ቁጥሩ ርዝመቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሽጉጡም እንዲሁ ይጠራል። ኤፍ30 የተባለው ከ30 ሚሊ የረዘመ አይቀበልም። ኤፍ50 እስከ 50 ሚሊ ይቀበላል።

እኔ የመጀመሪያዬን ስገዛ ይህን አልጠየቅኩም። ባለሱቁ "ሁሉንም ይሠራል" አለኝ፣ አመንኩት። ኤፍ30 ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የአንዲት እናት ሳሎን ዞኮሎ መጣልኝ። እንጨቱ 18 ሚሊ ውፍረት ነበረው። በ30 ሚሊ ሚስማር መታሁት፣ ከጀርባ ያለውን ሞራሌ የያዘው 12 ሚሊው ብቻ ነበር። ከወር በኋላ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ እንጨቱ ከግድግዳው ተላቀቀ እኮ" አሉኝ። ሄጄ ነቅዬ በራሴ ኪሳራ እንደገና ሠራሁላቸው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የሚመታውን እንጨት ውፍረት ለኩ፣ በግምት በሦስት አባዙት። 6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ከሆነ 20 ሚሊ ይበቃዋል። 12 ሚሊ ጌጥ 35 ይፈልጋል። 15 ሚሊ ሲሆን ወደ 45 ትጠጋላችሁ። ሥራችሁ ዞኮሎ ካለበት እንግዲህ ኤፍ50 ግዙ። ሥዕል ፍሬምና የካቢኔት ጀርባ ብቻ ለሚሠራ ኤፍ30 ይበቃል፣ ቀለልም ይላል።

ከዚያ ሰፈራችሁ ያለ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ግቡና የምትፈልጉት ርዝመት መኖሩን አረጋግጡ። ሚስማር ባለቀ ቁጥር መርካቶ መውረድ ግማሽ ቀን ይበላል።

3. ኮምፕሬሰሩንና መብራቱን አስቡ

ሽጉጡ አየር የሚያገኘው ከኮምፕሬሰር፣ ማለትም አየር ጨምቆ ታንክ ውስጥ ከሚያጠራቅም ማሽን ነው። የብራድ ሽጉጥ ብዙ አየር አይበላም። ከ4 እስከ 7 ባር በሆነ የአየር ግፊት ይሠራል፣ በፒኤስአይ ከ60 እስከ 100 ማለት ነው። 24 ሊትር ታንክ ለአንድ ሰው ይበቃል። ጎሚስታ ቤት የምታዩት ትልቁ ዓይነት አያስፈልጋችሁም። ቀለምም ልትረጩ ካሰባችሁ ግን 50 ሊትሩን ያዙ።

አዲስ አበባና ዙሪያዋ የምንኖረው ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየራችን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ኮምፕሬሰሩ በአንድ ዙር የሚስበው አየር ስለሚያንስ ታንኩ ለመሙላት ይዘገያል። ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ።

ዳር ላይ ባሉ ሰፈሮች የመብራቱ ኃይል ማታ ማታ ይወርዳል። ሞተሩ እያጉረመረመ መነሳት ካቃተው ወዲያው አጥፉት፣ አለበለዚያ ይቃጠላል። ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል። ኮምፕሬሰሩን ሶኬቱ ሥር አስቀምጡና የአየር ጎማውን አርዝሙ።

የሽጉጡ ጫፍና የጎማው ማያያዣ ቅርጻቸው ሁልጊዜ አይገጥምም። ኮምፕሬሰር ካላችሁ የጎማችሁን ማያያዣ ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

4. ሱቁ ውስጥ አስተኩሱት

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ እኔ ግን ያለዚህ ገንዘብ አላወጣም። ከቤት ሁለት ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራው ጣውላ)፣ ሌላው ጠንከር ያለ እንጨት ይሁን፣ ዋንዛ ወይም የደረቀ ባሕር ዛፍ። ኮምፕሬሰር የሌለው ሻጭ ከሆነ ያለው ዘንድ ሂዱ።

ጎማው እንደተሰካ ዝም በሉና አዳምጡ። ቃታው ሳይነካ "ስስስ" የሚል ድምፅ ካለ ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት አየር ያሳልፋል። መልሱት። ዝም ካለ አፍንጫውን እንጨቱ ላይ ተጭናችሁ አሥር ጊዜ ተኩሱ። ከዚያ አውራ ጣታችሁን በሚስማሮቹ ላይ አሳልፉ። ሁሉም ከእንጨቱ ፊት አንድ ሚሊ ያህል ዝቅ ማለት አለባቸው። ጣታችሁን የሚይዝ ካለ ግፊቱን በግማሽ ባር ጨምሩና ድገሙ። ግፊቱ ደህና ሆኖ አንዱ ጠልቆ ሌላው ተገትሮ ከቀረ መሣሪያው አስተማማኝ አይደለም። ቀዳዳውንም ተመልከቱ። ጠባብ መስመር ከሆነ ጥሩ ነው። ዙሪያው ከተጨፈለቀ የአፍንጫውን የጎማ ቆብ ጠይቁ።

በመጨረሻ ሚስማሩ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን እዩ። ጥሩዎቹ ባዶአቸውን አይተኩሱም። ሌሎቹ ይተኩሳሉ፣ ሚስማር ሳይኖር እንጨቱን ይቀጠቅጡታል።

5. ቃታና ጣት

አፍንጫው እንጨት ካልነካ የማይተኩሰውን ምረጡ። በአንድ መሳብ አንድ ሚስማር የሚተኩሰው ለጀማሪ ይሻላል። ሚስማሩ ውስጥ ለውስጥ ታጥፎ በጎን ሊወጣ ስለሚችል እንጨቱን የያዘ እጃችሁ ከሚስማሩ ርዝመት በላይ ይራቅ። መነጽር አድርጉ።

6. ቤት ስትገቡ

ለአየር መሣሪያ የተሠራ ቀጭን ዘይት ግዙ። ጠዋት ሽጉጡ ላይ ጎማው በሚሰካበት ቀዳዳ ሁለት ሦስት ጠብታ ጨምሩ። ዘይት አያስፈልገውም የሚል ከተጻፈበት ግን ተዉት። የሞተር ዘይት ወፍራም ነው፣ የጎማ ቀለበቱንም ሊጎዳ ይችላል።

ማታ ከታንኩ ሥር ያለችውን ቫልቭ ከፍታችሁ ውሃውን አውጡ። በክረምት የሚወጣውን ስታዩ ትገረማላችሁ። ያ ውሃ ሽጉጡ ውስጥ ከገባ ያዝገዋል።

ሚስማር ሲቀረቀር ደግሞ መጀመሪያ ጎማውን ንቀሉ፣ ከዚያ ካዝናውን ክፈቱና በፒንሳ አውጡት። ጎማው እንደተሰካ አፍንጫውን አትነካኩ፣ ለአንድ ሚስማር ብቻም ቢሆን።