ታይፕ ሬቲንግ የሚያስፈልገው ለየትኛው አውሮፕላን ነው?

ኮምቦልቻ የሚያርፈው ዳሽ 8-400 ፕሮፔለር ስላለው ለብዙ ሰው ከጄት ቀለል ያለ ይመስለዋል። የንግድ ፓይለት ላይሰንስ ብቻ የያዘ ሰው ግን ሊያበረው አይችልም፤ ላይሰንሱ ላይ የዚያው አውሮፕላን ታይፕ ሬቲንግ፣ ማለትም ያንን የአውሮፕላን ዓይነት ለማብረር የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ፣ መስፈር አለበት። ለትንሿ ሴስና 172 ግን ባለአንድ ሞተር ክላስ ሬቲንግ፣ ማለትም ተመሳሳይ አውሮፕላኖችን በአንድነት የሚሸፍን ፈቃድ፣ ይበቃል።

ለመለየት መልኩን ሳይሆን ፍላይት ማንዋሉን፣ ማለትም የአውሮፕላኑን የበረራ መመሪያ መጽሐፍ፣ እዩ። ገደቦች የሚዘረዘሩበት ምዕራፍ ውስጥ አውሮፕላኑ ቢያንስ ስንት ፓይለት እንደሚፈልግ ተጽፏል። «ሁለት» ካለ ሌላ መፈለግ አያሻም፤ በዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባሪ 1 መሠረት ታይፕ ሬቲንግ ግዴታ ነው። «አንድ» ካለ ደግሞ ላይሰንሱን የሰጠው አገር ሕግ ይወስናል። አሜሪካ ጄት ከሆነ፣ ወይም ከፍተኛ የመነሻ ክብደቱ ከ5,670 ኪሎ ካለፈ ትጠይቃለች። ባለሁለት ፕሮፔለሩ ኪንግ ኤር 200 ልክ 5,670 ላይ ስለሚቆም እዚያ አይጠየቅበትም፤ ወንድሙ ኪንግ ኤር 350 ግን 6,804 ኪሎ ስለሆነ ይጠየቅበታል። አውሮፓ ለ200ውም ትጠይቃለች። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁት መልስ የየትኛው አገር እንደሆነ ሳታጣሩ አትመኑት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ክብደቱ ላይ ነው። የሚታየው በሰርተፊኬቱ የተፈቀደው ከፍተኛ ክብደት እንጂ የዛሬው ጭነት አይደለም። ባዶውን ቢበርም ሬቲንጉ አይቀርም።

አንድ ሬቲንግ ከአንድ ሞዴል በላይ ሊሸፍን ይችላል፤ ቦይንግ 757 እና 767 የጋራ ሬቲንግ አላቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ ግን የልዩነት ሥልጠና አለ።

ሥልጠናው በክፍል ትምህርት ይጀምራል፤ ኤሌክትሪኩ፣ ሃይድሮሊኩ፣ ነዳጁ አንድ በአንድ ይጠናል። ከዚያ ሲሙሌተር (በረራን መሬት ላይ አስመስሎ የሚያለማምድ መሣሪያ)፣ መጨረሻ ላይ ፈተና። ሲሙሌተር ላይ ከሁሉ የሚከብደው መነሻ ላይ አንድ ሞተር ሲጠፋ ነው። ቀኙ ሞተር ከጠፋ አፍንጫው ወደ ቀኝ ይዞራል፤ የሚረገጠው የግራው ፔዳል ነው። የደነገጠ ሰልጣኝ ፔዳሉን ትቶ በመሪው ብቻ ሊያቃና ይሞክራል፤ ያኔ አውሮፕላኑ ጎኑን ለነፋስ ሰጥቶ ስለሚሄድ ከፍታ መጨመር ያቅተዋል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ስስ፣ ዙሪያውም ተራራ ነው። በአንድ ሞተር የሚገኘው ሽቅብታ እዚያ ትንሽ ስለሆነ፣ እግር ቶሎና በልኩ መርገጥን ሲሙሌተር ውስጥ እስኪለምድ ድረስ ደጋግሙት።